ታኬታና ትራንስክሪፕት፦ ለጌዴኦ ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾች የተከፈቱ በሮች

አጥቂው ጌታነህ ከበደ በጌዴኦዋ ዲላ ተወለደ፣ በደቡብ ፖሊስ ታየ፣ በደደቢት ገነነ። ደደቢት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሳበት እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግሮ ለቢድቨስት ዊትስ ፈረመ፤ እዚያው አገር ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፕሪቶሪያም ተጫውቷል። የዲላ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ግቦቹን ነው የሚቆጥረው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ቡርኪና ፋሶ ላይ ያገባትን የፍጹም ቅጣት ምት አይረሳም። ሁለቱ የደቡብ አፍሪካ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የወጡ መሆናቸውን ግን ማንም ልብ አይለውም። ዊትስ እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር። የፕሪቶሪያው ደግሞ ስሙ ራሱ የዩኒቨርሲቲ ነው።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ መገጣጠም የለም። ክለቦቻችን የከተማ አስተዳደር፣ የባንክ፣ የመከላከያ፣ የፖሊስ፣ የኤሌክትሪክ ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን እርስ በርሳቸው የስፖርት ውድድር ያደርጋሉ፤ ተጫዋች ፍለጋ ግን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይወጡም። አብዛኛውን ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የሚመድበውም በአገር አቀፉ ፈተና ውጤት ነው። በዞን ውድድር ሃያ ግብ ላገባ ልጅ የሚጨመር ነጥብ የለም። ስለዚህ የአሜሪካ ወላጅ «የኮሌጅ ምልመላ» ሲል የሚያስበው ነገር ይርጋጨፌ ላይ ለሁለት ይከፈላል፦ በአንድ በኩል ክለብ፣ በሌላ በኩል ፈተና። የብዙ ልጆች ጥፋት አንዱን በር ሲያንኳኩ ሌላውን ቀርቅረው መሄዳቸው ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የጻፍኩት ሁለቱን በሮች እስከ 12ኛ ክፍል ማብቂያ ድረስ ክፍት ማቆየት ይቻላል ብዬ ስለማምን ነው።

ሜዳውና ወራቱ

ኢዲዶ ከይርጋጨፌ ከተማ አቅራቢያ ያለች ቀበሌ ናት። ስሟ ከአገር ውጭ ከአገር ውስጥ ይልቅ የታወቀ ነው፤ ጥሩ ቡና የሚቆሉ የአውሮፓና የአሜሪካ ሱቆች በከረጢታቸው ላይ ያትሙታል። ቡናውን ያጣፈጠው ከፍታና ዳገት ለኳስ ግን አይመችም። ጌዴኦ በአገራችን ሰው እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው፤ እንሰቱ፣ ቡናውና ጥላ ዛፉ ተደራርቦ የሚበቅልበት መሬት እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚህ መሬት ላይ መቶ ሜትር ለጥ ያለ ቦታ ለኳስ ብሎ የሚተው ገበሬ አይገኝም። ልጆቹ የሚጫወቱት በትምህርት ቤት ግቢ ነው፤ ሜዳው ጠባብ ነው፣ አንዱ ጎን ብዙ ጊዜ ያዘነብላል።

ጠባብ ሜዳ ጥሩም መጥፎም ያስተምራል። በትንሽ ቦታ ኳስ መያዝን፣ ቶሎ ማቀበልን፣ በሰው መሐል መሹለክን ይሰጣል። ረጅም ኳስ መቀበልን፣ የመስመር ሩጫን፣ በሙሉ ሜዳ ላይ ቦታ ጠብቆ መቆምን ግን አይሰጥም። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ሐዋሳ ላይ ሙከራ የሚገባ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚደነግጠው በሜዳው ስፋት ነው። ስለዚህ ከሙከራ በፊት ባሉት ሳምንታት ዲላ ወርዶ በሙሉ ሜዳ ጥቂት ጨዋታ ማድረግ ከማንኛውም የጂም ልምምድ ይበልጣል።

ሌላው የወራቱ ጉዳይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቡና ይለቀማል። በእነዚህ ወራት ልምምድ ይሳሳል፣ ክፍልም ይሳሳል። ቤተሰቡ በዓመቱ የሚያገኘው ገንዘብ ያኔ ስለሚገባ «ለቀማውን ትተህ ተጫወት» ብሎ መምከር ከቤቱ ኑሮ ጋር አይተዋወቅም። የሚቻለው ጠዋት ከለቀማ በፊት ግማሽ ሰዓት መሮጥ ነው፤ ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በእነዚያ ወራት የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ውጤት አለመጣል ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ሲወርዱ ይታያል።

የአገር ቤቱ መሰላል

የመጀመሪያው ደረጃ ሁሉም ሰው «ፕሮጀክት» የሚለው ነው፤ በወረዳና በከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሥር በዕድሜ ተመድበው የሚሠለጥኑ ታዳጊዎች። አሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው፤ ኳስ ከኪሱ የሚገዛበት ወቅት ብዙ ነው። ከዚያ የወረዳ፣ የዞን፣ የክልል ውድድር ይመጣል። ጌዴኦ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው፤ ዲላም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት። መልማዮች ዓይናቸውን የሚጥሉት በክልል ደረጃ ባሉ ውድድሮች ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ለመታየት ደግሞ የትምህርት ቤቱና የወረዳው ቡድን ማሸነፍ አለበት። ራሱን ብቻ ለማሳየት የሚጫወት ልጅ ቡድኑን ይጥላል፣ ከቡድኑ ጋርም አብሮ ይወድቃል።

ከላይ ያለው አደረጃጀት ግልጽ ነው፦ ፕሪሚየር ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ አንደኛ ሊግ፣ ከሥራቸው የክልል ክለቦች ውድድር። ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ባለችው ሐዋሳ ሁለት ትልልቅ ክለቦች አሉ፤ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና። ሁለቱም የታዳጊና የወጣት ቡድን አላቸው። ለጌዴኦ ልጅ ቅርቡና ርካሹ መንገድ ይህ ነው። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ስፖርት አካዳሚ ከክልሎች በምልመላ ልጆች ተቀብሎ ከቀለም ትምህርት ጋር ያሠለጥናል። የሚቀበለው ቁጥር ጥቂት ቢሆንም፣ ኳስና ትምህርት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኝበት ቦታ በመሆኑ ጥሪው ሲወጣ ሊያመልጥ አይገባም። ጥሪው የሚተላለፈው በስፖርት መዋቅሩ በኩል ስለሆነ መምህሩን ወይም የወረዳውን ባለሙያ ደጋግሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

ክለቦች አዲስ ተጫዋች የሚሞክሩት በክረምት፣ የውድድር ዓመቱ ተዘግቶ አዲሱ እስኪጀመር ባለው ጊዜ ነው። ለተማሪ ይህ ዕድል ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ቡናውም ገና አልቀላም። በሙከራው ቀን አንድ አሰልጣኝ በአንድ ጊዜ ብዙ ልጅ ያያል። አራት ሰው አልፎ አምስተኛው ላይ የሚወድቅ ልጅ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ እንዲህ ያለው በየሰፈሩ ሞልቷል። ዓይኑን የሚስበው ኳስ ከመምጣቱ በፊት ዞር ብሎ የሚያይ፣ ሲነጠቅ ወዲያው የሚመለስ፣ ጓደኛውን ድምፅ አውጥቶ የሚጠራ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በጆሮ ልበል፦ «ምን ትጫወታለህ?» ሲባል ከአሥሩ ስምንቱ «አጥቂ» ይላል። ግራ እግሩን የሚጠቀም የመስመር ተከላካይና ደፋር ግብ ጠባቂ ግን ሁሌም ይፈለጋል። ግራ እግር ያለው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ወደ ኋላ ሄዶ መጫወት ቢለምድ ወረፋው ያጥርለታል።

ለሴት ልጆች የሚሰፋው በር

ስለ ጌዴኦ ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ደፍሬ የምሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ ዛሬ ከወንዱ ይልቅ ለሴቷ ተጫዋች መንገዱ ሰፊ ነው። የዞኑን ስም የያዘው ጌዴኦ ዲላ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ክለብ ነው። የኢዲዶ ልጅ ከአገሪቱ ትልልቅ የሴት ተጫዋቾች ጋር አንድ ሜዳ ላይ ለመቆም ከዲላ ማለፍ አይጠበቅባትም ማለት ነው። ተፎካካሪዋም ጥቂት ነው፤ በምን ምክንያት ጥቂት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ የቤት ሥራውና የአባት «እምቢ» ነው።

ከዱራሜ የተነሳችው ሎዛ አበራ እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ አሳይታለች። ሐዋሳ፣ ደደቢት፣ አዳማ ከተማ፣ የማልታው ቢርኪርካራ፣ ንግድ ባንክ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካው ዲሲ ፓወር። ንግድ ባንክ በዚያው ዓመት የምሥራቅ አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ ላይ በተዘጋጀው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ተሳትፏል። ይህ ሁሉ የክለብ መንገድ ነው። የኮሌጁ መንገድ ግን ለሴት ልጅ ከዚህም ይሰፋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣችው ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች በፆታ እንዳያበላልጡ ስላስገደደ፣ ኮሌጆቹ ለሴቶች ቡድን ሲያቋቁሙ እግር ኳስን መረጡ። በከፍተኛው የኮሌጅ ምድብ ዛሬ የሴቶቹ ቡድኖች ከ300 በላይ ሲሆኑ የወንዶቹ 200 አካባቢ ናቸው።

ዕድሜ

ዕድሜ የሚባለው ነገር ለብቻው መነሳት አለበት፤ ከጉልበት ጉዳት ይልቅ ብዙ ልጅ የጣለው እሱ ነውና። ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓን አጥንት በኤምአርአይ ያስመረምራል፤ ካፍም ይህንኑ ይከተላል። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ከተጋጠመ ወረቀቱ የፈለገውን ቢል ልጁ ይመለሳል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ያሉት ልጆች ሲወለዱ አልተመዘገቡም። ይህ ክፍተት «ሁለት ዓመት ቀንስ» ለሚል መካሪ አመቺ ሆኗል።

ምክሩን የሚሰጠው ሰው የማያስበው ነገር አለ። ልጁ በትምህርት ቤት መዝገብ አንድ ዕድሜ፣ በፋይዳ መታወቂያ ሌላ፣ በክለብ ቅጽ ሦስተኛ ዕድሜ ይኖረዋል። ክለቡ ዝም ሊል ይችላል። ኤምባሲና የውጭ ኮሌጅ ግን ሰነዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ነው የሚያነቡት፤ አንደኛ ክፍል የገባበት ዓመት ከልደቱ ጋር ካልገጠመ ማመልከቻው እዚያው ይቆማል። በውሸት ዕድሜ አንድ የታዳጊ ውድድር ይገኝ ይሆናል፤ በዚያው ውሸት ዩኒቨርሲቲም ፓስፖርትም ይበላሻል። ወላጅ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሊያደርገው የሚገባው ሥራ የልደት ሰርተፊኬት፣ ፋይዳና የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ያለው ስምና ቀን አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የአባትና የአያት ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ መንከራተት የሚያመጣው ግን እሱ ነው።

አሜሪካ፦ የሚወራውና ያለው

ናኦሚ ግርማ እ.ኤ.አ. በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆዜ ተወለደች። ኳስ የጀመረችው አባቷና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለልጆቻቸው ባቋቋሙት «ማለዳ» በተባለ ቡድን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሰብሰብ ብሎ የሚጫወት የማኅበረሰብ ቡድን። ከዚያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ቡድኗ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2022 በአሜሪካ የሴቶች ሊግ የተጫዋቾች ምርጫ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ቼልሲ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ሲወስዳት በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ የዝውውር ዋጋዋ ከሚሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያዋ ተጫዋች ሆነች። በዚህ ሁሉ መሐል ትምህርቷን ጨርሳለች።

ታሪኩ ያኮራል፤ ነገር ግን ናኦሚ ያደገችው መልማዩ በየሳምንቱ በሚመጣበት አገር ነው። ለኢዲዶ ልጅ የሚቀርበው የጋናዊው አቡ ዳንላዲ መንገድ ነው። ጋና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው «ራይት ቱ ድሪም» አካዳሚ ልጆችን በኳስም በትምህርትም አሳድጎ ወደ አሜሪካ አዳሪ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ይልካል። ዳንላዲም በዚያ በኩል አልፎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወንዶቹ ሊግ የተጫዋቾች ምርጫ ቁጥር አንድ ሆነ። ከአፍሪካ መንደር የሚወስድ መንገድ አለ ማለት ነው። የሚያልፈው ግን በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመሩ ሦስት ዋና ማኅበራት አሉ። ትልቁ ኤንሲኤኤ ነው፤ ከ1,000 በላይ ኮሌጆችን በሦስት ዲቪዚዮን ይከፍላል። ሁለተኛው ኤንኤአይኤ በአብዛኛው ትንንሽ የግል ኮሌጆችን ይይዛል። ሦስተኛው ኤንጄሲኤኤ የሁለት ዓመት ኮሌጆች ማኅበር ነው። ስሙ የገነነው ዲቪዚዮን 1 ስለሆነ ልጆች ሁሉ እሱን ያልማሉ። ለውጭ አገር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቀለው ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ማኅበር በኩል ገብቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ትልቁ መዛወር ነው።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለው ወሬ መስተካከል አለበት። ለብዙ ዓመታት አንድ የዲቪዚዮን 1 የወንዶች ቡድን የነበረው 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር፤ የሴቶቹ 14። ይህም ከሃያ አምስት በላይ ለሆነ ቡድን የሚከፋፈል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በፍርድ ቤት ስምምነት ይህ ገደብ ተነስቶ፣ ስምምነቱን በተቀበሉ ኮሌጆች የተጫዋቾች ቁጥር በ28 ተወስኗል፤ የኮሌጁ በጀት ግን አብሮ አላደገም። ዲቪዚዮን 2 ዛሬም 9 ለወንድ፣ 9.9 ለሴት ነው ያለው። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች የሚያገኘው ከፊል ክፍያ ነው። ግማሹን ኮሌጁ ቢከፍል ቀሪው ግማሽ በዓመት በአሥር ሺዎች ዶላር ሊሆን ይችላል፤ ቪዛ ለማግኘትም ኮሌጁ አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ከመስጠቱ በፊት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማሳየት ይጠበቃል። ይህን የቡና ገበሬ ቤተሰብ አይችለውም፣ የከተማ ደመወዝተኛም አይችለውም።

መውጫው ያለው ሰው በማይጠብቀው ቦታ ነው። ዲቪዚዮን 3 ለስፖርት አንድ ሳንቲም ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ነገር ግን በዚሁ ምድብ ውስጥ እንደ አምኸርስት፣ ቦዶይንና ኤምአይቲ ያሉ ሀብታም ተቋማት አሉ፤ የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅም ሳያዩ ተቀብለው የጎደለውን ሁሉ ይሸፍናሉ። ከዲቪዚዮን 1ም ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ዳርትማውዝ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እነሱም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ውድድሩ እጅግ ከባድ ነው። ቢሆንም የክፍሉ አንደኛ ለሆነና ኳስም ለሚችል ልጅ ከስፖርት ስኮላርሺፕ ይልቅ ትምህርቱ ቢከፍልለት ይሻላል፤ ጉልበቱ ቢሰበር ኮሌጁን አያጣም።

ቀሪው የወረቀት ጉዳይ ነው። ኤንሲኤኤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ውጤት ይጠይቃል፤ ለዲቪዚዮን 1 በ16 ዋና ዋና ትምህርቶች ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዚዮን 2 ደግሞ 2.2 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል። ኤስኤቲ የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ለስፖርት ብቁነት አይጠየቅም፤ አንዳንድ ኮሌጅ ግን ለቅበላ ይፈልገዋል። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትና የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይጨመራሉ። የእኛ ልጆች በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ መማራቸው በወረቀት ላይ ጥቅም ነው፤ በአንደበት ላይ ያለው ክፍተት ግን በአንድ ክረምት አይሞላም። በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ቁጥር እያለ «ትምህርቱ አልሆነልኝም፣ በኳስ አሜሪካ እሄዳለሁ» ማለት አቅጣጫን መሳት ነው። ትምህርቱ ያልሆነለት ልጅ መንገዱ የክለብ ነው፤ እሱም የተከበረ መንገድ ነው።

ሁለት ወጥመዶችን ላንሳ። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ከአንድ ዓመት በላይ በተደራጀ ውድድር ሲጫወት የቆየ ልጅ ዲቪዚዮን 1 ሲገባ የመጫወቻ ዓመት ሊቀነስበት ይችላል። ሁለተኛው ደመወዝ ነው። የኮሌጅ ስፖርት ደንብ ከወጪው በላይ ተከፍሎት የተጫወተን ልጅ በጥርጣሬ ያያል። ደንቡ በእነዚህ ዓመታት በፍጥነት እየተቀየረ ስለሆነ፣ ኮሌጅ የሚያስብ ልጅ በአገር ቤት ለክለብ ከመፈረሙ በፊት ወቅታዊውን ሕግ ያጣራ። ለዚህና ለማመልከቻው ሁሉ አዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ ሥር ያለው «ኤዱኬሽን ዩኤስኤ» ነጻ ምክር ይሰጣል። ነጻ መሆኑን የምደግመው፣ ይህንኑ ምክር በሺዎች ብር የሚሸጡ ሰዎች ስላሉ ነው።

አሰልጣኝ ጋ መድረሻው ኢሜይልና ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ከአራት ደቂቃ ባይበልጥ፣ ጥሩ ጥሩው ከፊት ቢመጣ፣ ተጫዋቹ በየቅንጥቡ መጀመሪያ በቀስት ቢጠቆም ይበቃል። ሙዚቃ አያስፈልግም። ከእሱ ጋር አንድ ሙሉ ጨዋታ ይቀመጥ፤ አሰልጣኙ ከወደደው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ካሜራ የለም የሚለው ሰበብ ጌዴኦ ላይ ብዙም አይሠራም። የሜዳው ዳር ዳገት ነው፤ ደህና ስልክ የያዘ ጓደኛ ሃያ ሜትር ወደ ላይ ቢወጣ ሌላው ሰው በኪራይ ማማ የሚያገኘውን እይታ ያገኛል። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፦ የሚጨርስበት ዓመት፣ የሚጫወትበት ቦታ፣ ቁመት፣ የሚመታበት እግር፣ አማካይ ውጤት፣ የቪዲዮው አድራሻ፣ የመምህሩ ስልክ። ለሁለት መቶ አሰልጣኝ አንድ ዓይነት ደብዳቤ መላክ ወዲያው ይታወቃል። ሃያ ኮሌጅ መርጦ የእያንዳንዱን ቡድን የመጨረሻ ውጤት አይቶ መጻፍ ይሻላል። የዲቪዚዮን 1 አሰልጣኞች ከተማሪው ጋር በግል መጻጻፍ የሚፈቀድላቸው አሥረኛ ክፍልን ካጠናቀቀ በኋላ ካለው የአሜሪካኖች ሰኔ 15 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ዝም ቢሉ ንቀት አይደለም።

ደላላው

«ልጅህን ቱርክ አስሞክራለሁ፣ የፕሮሰስ ይከፈል» የሚል ሰው በየከተማው አለ። ወላጅ ሦስት ነገር ቢያውቅ ይበቃዋል። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ወደ ውጭ አገር ክለብ መዛወር አይችልም። ወኪል የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ለመቅረብም የአሳዳጊው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ተጫዋቹን ገንዘብ የሚጠይቅ ሙከራ ሙከራ አይደለም። ክለብ የፈለገውን ልጅ ራሱ ይጠራል።

ከፊፋው ደንብ ውስጥ የገጠር አሰልጣኞች የማይጠቀሙበት አንድ ጥቅም አለ። አንድ ተጫዋች በገንዘብ ከክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የሥልጠና ካሣ የሚባልም አለ። ነገር ግን የሚከፈለው ልጁ በፌዴሬሽን መዝገብ ላይ በስሙ ተመዝግቦ ለተጫወተበት ቡድን ነው። በአሰልጣኙ ደብተር ላይ ብቻ ያለ የሰፈር ቡድን ልጁ ነገ በሚሊዮን ቢሸጥ አንድ ኳስ የሚገዛበት አያገኝም። ቡድኑን በዞኑ ፌዴሬሽን ማስመዝገብ፣ የልጆቹን ፎቶና የልደት ቀን ማያያዝ፣ ቅጂውን ማስቀረት የመምህሩ ሥራ ነው፤ የጉልበት ዋጋው ያለው እዚያ ነው።

ወደ መነሻዬ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ነገር ልመለስ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ ከቆመ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የዞኑ ትልቁ ተቋም ነው፤ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል፣ ሜዳም አለው። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየዓመቱ ግቢው ውስጥ አድረው ይፈተናሉ። ያው ግቢ በዓመት አንድ ቀን የዞኑን የሁለተኛ ደረጃ ምርጥ ሃያ ሁለት ሴቶችና ሃያ ሁለት ወንዶች ቢጠራ፣ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ጨዋታውን ቢቀርጹ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ቪዲዮውን ቢሰጡ፣ የሐዋሳና የዲላ አሰልጣኞችም መጥተው ቢያዩ ከኢዲዶ ተነስቶ ሙከራ ፍለጋ የሚንከራተተው ልጅ ቁጥር ይቀንሳል። ለዚህ አዲስ ሕግም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣ በጀት አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲውና የዞኑ ስፖርት መምሪያ ሰዎች፣ ለቀማው ሳይጀመር ከመስከረም አንድ ቅዳሜ ምረጡ።